ሦስተኛው ቁራጭ

ባለፈው ዓርብ ከባለቤቴ ጋር ወልድያ ሄደን ነበር። እሱ ለሽንኩርቱ ውሃ የሚስብበት ፓምፕ ዕቃ ሊገዛ፣ እኔ ደግሞ ለማስተምራቸው ሕፃናት ባለቀለም ወረቀት ልፈልግ። ጉዳያችንን ስንጨርስ ሰባት ሰዓት አልፎ ስለነበር መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ገና ልጅ ናት። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን፣ «የጾም ነው የፍስክ?» አለች። ባለቤቴ የጾም አለ፤ እኔ የፍስክ አልኩ። ያኔ ቀና አለችና አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች። ከጎናችን በያይነቱ የሚበሉ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮም እጃቸውን ትሪው ላይ እንዳሳረፉ ትክ ብለው ተመለከቱኝ።

ለምጄዋለሁ። በእኛ አገር ማተብ አስሮ ዓርብ ቀን ጥብስ የሚያዝ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አብዷል ነው የሚባለው። ስለ እኔ ከሆነ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው። ባለቤቴ የሰው ዓይን አይወድም። «የንስሐ አባቷ ናቸው ያዘዟት» ብሎ ለሴትዮዋ ሊያስረዳልኝ ሲዳዳው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት። ለስንቱ ተብራርቶ ይዘለቃል? እውነቱ ግን እሱ ያለው ነው። ሌላው ሰው ጹም ተብሎ ሲታዘዝ እኔ የታዘዝኩት እንዳልጾም ነው።

ጥብሱ መጣ። እንጀራውን ቆርሼ የመጀመሪያውን ሳነሳ እጄ እንደ ልማዱ ቆም አለ። ሁልጊዜ ይቆማል፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ከባለቤቴ በቀር ማንም አያስተውለውም። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ሃያ ዓመት ወደሆነኝ ክረምትና ከዚያ በኋላ ወደመጣው መኸር እመለሳለሁ። ከዚያ እጎርሳለሁ።

የእናቴ ምግብ ቤት መርሳ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ስምም ታፔላም አልነበረውም፤ ሹፌሮች «እትዬ ጌጤ ቤት» ይሉታል። አባቴ ጎሚስታ ነበር፤ ከምግብ ቤቱ ጎን ባለች ቆርቆሮ ቤት ጎማ ይለጥፋል። ሹፌሩ ጎማው እስኪለጠፍ እናቴ ጋ ይበላል፤ እናቴ ጋ እየበላ የቆየ ሹፌር ደግሞ አባቴ ጎማውን አይቶ «ይቺማ ደሴ አታደርስህም» ይለዋል። እንዲህ እየተጋገዙ ነው ያሳደጉኝ። አባቴ ስኳር ነበረበት። መርፌውን ጠዋት ጠዋት ራሱ ይወጋል፤ መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ እንስራ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነ ከፍሪጅ ይልቅ አሸዋውን ያምን ነበር።

ጦርነቱ በነሐሴ መጣ። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ነበር። ብዙው ሰው ወደ ደሴ ሲሸሽ እኛ ቀረን፤ አባቴ እግሩ አብጦ ስለነበር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መራመድ አይችልም። ታጣቂዎቹ ከተማውን ሲይዙ የእናቴ ቤት ትልልቅ ድስት እንዳለው ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ በሦስተኛው ቀን መጡ። ፍየልና ዱቄት ያመጣሉ፣ እናቴ ትሠራለች፣ እነሱ እየተፈራረቁ ይበላሉ። የምግቡ ኃላፊ በአባቴ ዕድሜ ያለ፣ ሳል የማይለቀው ሰው ነበር። ስሙን ነግሮን አያውቅም፤ እኔና እናቴ «ሰውየው» እንለው ነበር።

በእኛ ቤት ለእንግዳ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መጠጡ ንጹሕ ነው፣ ልቤም ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ክብር ነው። ልጅ ሳለሁ ያቺ የመዳፍ ጠብታ የእኔ ድርሻ ስለነበረች እንግዳ ሲመጣ ለመቅዳት የምሮጠው እኔ ነበርኩ። እናቴም በመጀመሪያው ቀን በዚያው ልማድ ከወጡ ቆንጥራ በሰዎቹ ፊት ቀመሰች። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። የሆነ ቦታ ላይ ጓዶቹን የተመረዘ ምግብ እንደገደላቸው ሰምቶ ነበር መሰለኝ።

«አንቺ አይደለሽም፤ ልጅሽ ትቅመስ» አለ። «እናት ራሷን ትመርዛለች፤ ልጇን ግን አትመርዝም።»

ይህን ያለው ሳይቆጣ፣ ሳይጮህ ነው። እንዲያውም ለእናቴ ክብር የሰጠ ይመስለው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን ሁለቴ፣ ምግቡ ከእሳት ሲወርድ፣ ከድስቱ አጠገብ እቆማለሁ። «ቅመሺ እስቲ ልጄ» ይለኛል። እቀምሳለሁ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብለው ፊቴን ያያሉ። አንድ ክፍል ሙሉ የታጠቀ ሰው ትሞት ይሆን እያለ ሲመለከትሽ ያ ዝምታ ምን ያህል እንደሚረዝም ላላየው ሰው መንገር ይከብዳል። መርዝ እንደሌለው አውቃለሁ፤ የሠራችው እናቴ ናት። ሆኖም ጉሮሮዬ አያምንም ነበር። በየዕለቱ ትንሽ ትንሽ የምሞት ይመስለኝ ነበር።

እኛ ቤት የሚበላው ሌላ ነው። የማሽላ ቂጣ፣ ውሃ የበዛበት ሽሮ፣ ቆሎ። ድስቱ ሲነሳ ሰውየው ራሱ ስለሚቆም ከእነሱ ምግብ የሚተርፈን አልነበረም። የአባቴ መድኃኒት በጥቅምት አለቀ። እናቴ በእግሯ እስከ ውርጌሳ ድረስ ሄዳ፣ ያለው ሁሉ ተዘርፎ ወይም አልቆ ባዶ እጇን ተመለሰች። አባቴ ያለማቋረጥ ውሃ ይጠማው ጀመር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር። መርሳ የብርቱካንና የማንጎ አገር ናት፤ ስለዚህ ከዚያ ሽታ የምሸሽበት ቦታ የለኝም። እስከ ዛሬ ገበያ መሐል በስሎ ያለፈ ማንጎ ሲሸተኝ አባቴ ከኋላዬ ያለ ይመስለኛል።

የሞተው በኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ሆነን ቀበርነው። ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ፤ ጮክ ብላችሁ እንዳታለቅሱ ስለተባልን ነጠላችንን ነክሰን ነው ያለቀስነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰዎቹ መጡ። ሐዘን ላይ መሆናችንን ሰውየው ሰምቷል። «እግዜር ያጽናችሁ» አለን፤ ከልቡ ያለው ይመስለኛል። ፍየሉ ግን ታርዶ ነበር። እናቴ ከል እንደለበሰች ወደ ምድጃው ገባች። ጥብሱ ሲደርስ እንደ ወትሮዬ ከድስቱ አጠገብ ቆምኩ። ከቅምሻው በቀር እህል በአፌ ካልዞረ አራት ቀኔ ነበር፤ አባቴ ሲያጣጥር መብላትን ማን አስታውሶ።

«ቅመሺ እስቲ ልጄ» አለኝ። የመጀመሪያዋን ቁራጭ ሳላኝክ ዋጥኳት። «ከዚያኛውም በኩል» አለ። ሁለተኛዋን ቀመስኩ። ከዚያ እጄ እንደገና ተዘረጋ። ማንም አላዘዘኝም። ከድስቱ ውስጥ ትልቁን፣ ጮማ ያለበትን መርጬ አነሳሁና አኘክሁት። ጣፈጠኝ። እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ሰውየው ሳቀ፤ «ርቧታል» አለ ለጓዶቹ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ ይህ ነው የከፋው። አባቴ አፈር ከለበሰ አንድ ቀን አልሞላውም፤ ጾም ነው፤ እኔም ገዳዮቹ ናቸው የምላቸው ሰዎች ፊት ቆሜ ጣቴን ላስኩ።

ከተማው በታኅሣሥ ተለቀቀ። ሰው ከየተሰደደበት ተመለሰ፣ ገና ደረሰ፣ እናቴም ያለቻትን አንድ ዶሮ ሠራች። ጎረስኩ፤ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ። በሁለተኛው ጉርሻ ዝምታው መጣ፤ የሚያየኝ ሰው ሳይኖር የሚያዩኝ ሰዎች መጡ። ወጥቼ አስመለስኩ። እናቴ ሐዘን ነው አለች፤ ጎረቤት ምች ነው አለ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቅጣት ነው ብዬ ቆርጬ ነበር።

የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስ ናቸው። አጭር፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ዣንጥላቸውን በበጋም በክረምትም የማይጥሉ ቄስ። ሄጄ ተናዘዝኩ፤ በጾም ሥጋ በላሁ፣ አስገድደው አቀመሱኝ አልኩ። አባም በግድ የተደረገ ኃጢአት አይደለም፣ ግን ልብሽ እንዲያርፍ ሰባት ቀን ጹሚ፣ በቀን አርባ ስገጂ አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ተገላግሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ስለ ሦስተኛው ቁራጭ ትንፍሽ አላልኩም። ያልተናዘዝኩበት ኃጢአት እንዴት ይሰረያል? ስለዚህ ሰባቱን ቀን ጾሜ ስጨርስ በራሴ ሥልጣን ሌላ ሰባት ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ ሰባት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ቀለለኝ፤ መላው አገር አብሮኝ ስለሚጾም መደበቂያ አገኘሁ። ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ሲፈታ እኔ እስኪመሽ እቆያለሁ፤ ሌላው ሽሮ ሲበላ እኔ አንድ ጭብጥ ቆሎ ቆጥሬ እበላለሁ። ሴቶቹ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጉንጬን እየሳሙ «የተባረክሽ፣ ያባትሽ ነፍስ ባንቺ ጸሎት ገነት ገባች» ይሉኛል። ምርቃቱ ከረኃቡ በላይ ያሰክረኝ ነበር ብል አልዋሽም። ጠጉሬ በሚዶው ተያይዞ ይወጣል፣ የወር አበባዬ ቀረ፣ በቆላው ፀሐይ ጋቢ ለብሼ እንቀጠቀጣለሁ። እናቴ ሳህን ይዛ ስትለምነኝ እየቆጣኋት «ጾም ነው» እላለሁ። ጾም ነው ከተባለ በኋላ በእኛ ቤት ማን መልስ አለው? በስቅለት ዕለት ስግደቱ መሐል ወደቅሁ።

መርሳ ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ሰጥተው፣ መዝነው፣ ቁጥሩን ለእናቴ ሳይነግሯት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ላኩኝ። ከጦርነቱ በኋላ ለምክር አገልግሎት የተሰጠች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ በሯ ተነቅሎ ስለተወሰደ በመጋረጃ ትዘጋለች። ውስጧ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ሣጥን። እዚያ ነው ሲስተር ሰብለን ያገኘኋት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀስ ብላ የምትናገር የወልድያ ልጅ፤ ሥራዋ ሰው ማናገር ነው። በመነጋገር መዳን ይቻላል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር ያኔ እስቅበት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተር ሰብለ ተሳሳተች። ሣጥኑ ላይ ሻይና ዳቦ አስቀምጣ ነበር። እንግዳዋን ልትቀበል፣ እንደ ማንኛዋም በወግ ያደገች የወሎ ልጅ፣ ከዳቦው ቆርሳ መጀመሪያ እሷ ቀመሰችና «ይኸው፣ እኔ ቀምሼልሻለሁ፤ ብዪ እንግዲህ» አለችኝ። መጋረጃውን እንዴት እንደገለጥኩት አላውቅም። ከውጭ ካለው ግድግዳ ሥር ተንበርክኬ አረንጓዴ ውሃ አስመለስኩ። ተከትላኝ መጥታ አጠገቤ አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቆይታ ደግሞ ማን እንዳስቀመሰኝ ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ ለምን አትበዪም ነበር የሚለኝ፤ ማን አስቀመሰሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣች። በዚያች ክፍል ውስጥ ማንም ለማንም ቀድሞ አይቀምስም። ዳቦው ለሁለት ይቆረሳል፣ ግማሹ በእኔ እጅ፣ ግማሹ በእሷ፣ አንድ ሁለት ብለን እኩል አፋችን ውስጥ እናደርጋለን። ስንጀምር የምንበላው የጥፍር ያህል ነበር። ፊቴን አታየኝም፤ መስኮቱን ታያለች። ዝምታው ሲመጣብኝ የት እንዳለሁ ትጠይቀኛለች። ወልድያ እላለሁ። እግርሽ ምን ረግጧል ትለኛለች። ሲሚንቶ። ውጭ ምን ይሰማሻል? ባጃጅ። ሕፃን ልጅ የምታባብል ይመስለኝና እናደድባት ነበር፤ ግን ሲሚንቶው እውነት ነው፣ ባጃጁም እውነት ነው፣ ሰዎቹም በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም።

አንድ ቀን ምግቡን ትተን ፍርሃቱን ብቻ ለምን አናክምም ብዬ ተሟገትኳት። ፍርሃቱ ከሄደ ምግቡ በራሱ ይመጣል የሚል ብልጠት ነበረኝ፤ እስከዚያ አለመብላት እችላለሁ ማለት ነው።

«በሽታሽ ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ተደግፎ ነው የቆመው» አለችኝ። «ፍርሃቱን እስካክምልሽ ረኃቡ ይገድልሻል። በግድ ባበላሽ ደግሞ ፍርሃቱ መልሶ ያስተፋሻል። አብረን እያወረድናቸው ነው የምንሄደው።»

በየሳምንቱ ማክሰኞ ከመርሳ በሚኒባስ እሄድ ነበር። መንገዱ ዳር የተቃጠሉ መኪኖች ዝገው ተጋድመዋል፤ በመካከላቸው ሰው ያርሳል፣ የበልጉ ዝናብ የጥቁር አፈሩን ሽታ ያነሳዋል። ሥራችን ያንን ረፋድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተረክ ነበር፤ ደጋግሞ፣ ሳይዘል፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ድምፄ ይጠፋል። በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ማክሰኞ ግን ሳልንቀጠቀጥ ተናገርኩትና ኮራሁ። ሲስተር ሰብለ አላጨበጨበችልኝም። ሁልጊዜ ሁለተኛው ቁራጭ ላይ እንደማቆም አስተውላ ነበር።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያ በሉ፣ አለቀ አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንትም «ከዚያስ?» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ሳቅ ብላ፣ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፣ አንቺ ግን ጠላ አትቀምሺ፣ በምን ላውጣው አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከአባቴ ሞት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ በለቅሶው መሐል ሦስተኛውን ነገርኳት። ማንም እንዳላዘዘኝ፣ ትልቁን መርጬ እንዳነሳሁ፣ እንደጣፈጠኝ። ጣፈጠኝ የሚለውን ቃል ሳወጣው አባቴን በድጋሚ የቀበርኩት መሰለኝ።

ምንም አይደለም አላለችኝም። እንዲያ ብትለኝ ኖሮ ተመልሼ አልመጣም ነበር። አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ምላስ ሐዘን የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው ጨውና ቅባት ነው፣ ሐዘኑ ሌላ ቦታ ነበር አለችኝ። ከዚያ ቀኖና የሰጠኝ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለእሷ ብቻ ተናግሬ እንደማልድን ገብቷት ነበር፤ እኔ ሰባት ቀኑን እየደራረብኩ የምከፍለው ለእግዚአብሔር እንጂ ለነርስ አልነበረም። በፈቃዴ አባ ኪሮስን አስጠራቻቸው።

አባ በሐምሌ ዝናብ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው፣ በሚኒባሱ ከእኔ ጎን ተቀምጠው ወልድያ ድረስ መጡ። በፕላስቲኩ ወንበር ሲቀመጡ እግራቸው መሬት በቅጡ አይደርስም ነበር። ሲስተር ሰብለ ትታን ወጣች። ጉልበቴ ላይ አቀርቅሬ የቀረውን ተናዘዝኩ። አባ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ሰሙኝ። ስጨርስ ስለ ሥጋው ምንም አላሉም።

«ያን ዕለት ስንት ቀን ሆኖሽ ነበር ሳትበዪ?» አሉኝ።

«አራት፣ አባቴ።»

«እኔ ደግሞ ሰባት ጨመርኩብሽ» አሉ። መቁጠሪያው ቆመ። «ለራባት ልጅ ጾም ያዘዝኩ ሰው ነኝ። ምን ያህል ቀጭጨሽ እንደነበር በዓይኔ እያየሁ፣ ሁሉም ያዘነ ሰው ይቀጭጫል ብዬ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

ቄስ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ምን እንደሚመለስ አላውቅም ነበር፤ ይፍቱኝ አልኳቸው። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ፈቱኝ፤ ከዚያም አዲስ ቀኖና ሰጡኝ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት። እሳቸው ጹሚ እስኪሉኝ ድረስ ረቡዕ የለም፣ ዓርብ የለም፣ ፍልሰታም ቢሆን የለም። ፍልሰታን ሲያነሱ ደነገጥኩ፤ ፍልሰታን እኮ ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። ለመሟገት አፌን ስከፍት፣ ይህን ቀኖና በራስሽ ሥልጣን ጨምሪበት እንጂ እንዳትቀንሺ አሉኝ። ሲስተር ሰብለ ከመጋረጃው ውጭ ስትስቅ ሰማኋት።

ያ ፍልሰታ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ከባዱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ቅዳሴ ሲሄድ እኔ ቤት ተቀምጬ እንቁላል እበላለሁ፤ እየበላሁ አለቅሳለሁ። ጉንጬን ይስሙ የነበሩ ሴቶች ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ፍልሰታ በተፈታ በሁለተኛው ቀን ደግሞ በቆቦ በኩል እንደገና ከባድ መሣሪያ ተሰማ። ወልድያ ዳግመኛ ስትሸሽ ማክሰኞአችን ተቋረጠ። ሲስተር ሰብለ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር እየደወለች የት እንዳለሁ፣ እግሬ ምን እንደረገጠ ትጠይቀኛለች። ቤቴ፣ አፈር፣ እላታለሁ። በልተሻል? በልቻለሁ። አንዳንዱ ቀን ውሸት ነበር፤ አብዛኛው ግን እውነት። ሰዎቹ ቢመለሱ ምን እሆናለሁ እያልኩ፣ መድፉ እየተሰማ፣ ቆርሼ አጎርሰው ነበር ራሴን። መርሳ ያን ጊዜ ተረፈች። እኔም ተረፍኩ፤ ወይም እስከ ዛሬ ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ እየተረፍኩ ነው።

አባ ኪሮስ ጾሙን እስካሁን አልመለሱልኝም። በየዓመቱ እጠይቃቸዋለሁ፤ ፊቴን አይተው ገና ነሽ ይሉኛል። ሲስተር ሰብለ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራለች። ሁለቱም የሚያውቁትን ባለቤቴም ያውቃል። ያልነገርኳት እናቴን ብቻ ነበር። አባቴን በቀበረች ማግስት ልጇ ደስ እያላት ሥጋ እንደበላች እናት እንዴት ይነገራታል?

ዓርብ ዕለት ከወልድያ ስንመለስ እናቴ ከቤቷ በረንዳ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። አርጅታለች፤ ምግብ ቤቱን ለሰው አከራይታለች፤ ግን ሽንኩርት ካልላጠች እጇ ሥራ የፈታ ይመስላታል። እንደ ሁልጊዜዋ «ምሳ ምን በላሽ?» አለችኝ። ጥብስ አልኳት። የምግብ ቤቷ ሴትዮ ዓይን ነው መሰለኝ፣ ወይ ደግሞ ዕድሜ ነው፣ ሳላስበው አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሦስተኛውን ጭምር። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«አየሁሽ እኮ» አለች። «ለእነሱ መስሎሽ ነው እንዲያ አድርጌ የሠራሁት? ጓዳ ቀብሬያት የነበረችዋን ቅቤ ሙሉዋን አፈሰስኳት። አራት ቀን እህል ሳትበዪ፣ ብለምንሽ እንቢ ብለሽ፣ አባትሽን ተከትለሽ ልትሄጂብኝ ነበር። የምትበዪው እነሱ ሲያዙሽ ብቻ ነው። ከዚያች ድስት በቀር ላበላሽ የምችልበት መንገድ አልነበረኝም። ሁለቱን ለሰውየው ብለሽ በላሽ። ሦስተኛውን ስታነሺ ግን፣ ልጄስ ተረፈችልኝ አልኩ።»

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ለአባ ኪሮስም አልነገርኳቸውም አለች። ባሏን በቀበረች ማግስት፣ በጾም፣ ሥጋ በቅቤ አጣፍጣ ልጇን ማብላቷን።

«የማይቆጨኝን ነገር ምን ብዬ እናዘዛለሁ?» አለች፤ የተላጠውን ሽንኩርት ሳህኑ ላይ ጣለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ረፋድ እንደ ድሮው በልቤ እደጋግመዋለሁ፤ ሰውየው እንደሳለ ነው፣ ዝምታውም አልጠፋም፣ አባቴም አልተመለሰም። ስንት ማክሰኞ ተረክሁት፤ ድስቱን፣ ሰዎቹን፣ እጄን፣ ሁሉን አንድ በአንድ ተናገርኩ። እናቴ የት ቆማ እንደነበረች ግን አንድም ቀን ዞር ብዬ አላየሁም።